አሥራ ዘጠኝ ዓመት «ይግቡ»

ኑዋላ ሄርዴገን ያን ሰሞን ቅናት እንቅልፍ ነስቷት ነበር። ይህን የምለው ሐሜት ስለምወድ አይደለም። ሐሜትስ እወዳለሁ፤ ይህን ግን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ጸጉሯን ሳጥብላት። ራሱን ለሰው እጅ የሰጠ ሰው ሆዱንም አብሮ ይሰጣል። በከተማችን በሌርከንባክ አርባ አራት ዓመት የሴት ጸጉር ስሠራ የተማርኩት ይህንን ነው።

«ኤርና» አለችኝ፣ አንገቷን ገንዳው ላይ አጋድማ፣ ዓይኗን ጨፍና። «ትናንት ‹ግቢ› አለቻት።»

«ማን? ማንን?»

«ሮትራውድ ናታ! ያቺን ፖርቱጋላዊት። አጥሩ ጋ ቆሜ በጆሮዬ ሰማሁ። ‹ግቢ ልጄ፣ ብርድ ነው› አለቻት። ግቢ! በሰባት ሳምንቷ!»

«እና ውጪ ቆማ ትድረቅልሽ?»

«አታሹፊ። እኔን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ‹ይግቡ› ነው የምትለኝ። ‹ይግቡ ወይዘሮ ሄርዴገን፣ ብርድ ነው።› አንድም ቀን፣ አንድም ቀን ‹ግቢ› ብላኝ አታውቅም።»

ውሃውን ዘጋሁት። ነገሩ ገብቶኛል። ለሌላ አገር ሰው ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ እኛ ዘንድ ግን ቀልድ አይደለም።

ኑዋላ የአየርላንድ ሰው ናት፣ ከጎልዌይ። ባሏ ዲትማር የእኛው ልጅ ነበር፤ በወጣትነቱ ለሥራ ወደ እሷ አገር ሄዶ እዚያው ቀረ ስንል፣ አባቱ ሲሞት የአባቱን ቤት ሊይዝ ሚስቱን ይዞ መጣ። ያኔ ቋንቋችንን አትችልም። ተማረችው። እንዴት ያለ መማር! ሰዋስዉን እንደ ጸሎት በቃሏ ያዘችው። እኔ ስናገር የምሳሳተውን እሷ አትሳሳትም። አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ታገለግላለች፣ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ከእኔ ጎን ትቆማለች፣ ደብዳቤ መጻፍ የከበዳቸው ሽማግሌዎች ወደ እሷ ይመጣሉ። በእሷ አገር ቋንቋ ለንጉሥም ለድመትም አንድ ቃል ነው፤ አንተና እርስዎ ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ የኛን ስትማር ከሁሉ አብልጣ የፈራችው ይህንን ነበር፦ እርስዎ የሚባለውን ሰው አንተ ብላ እንዳታዋርድ። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

ደንቡ ቀላል ነው። ታላቅ ለታናሽ ይፈቅዳል። ብርጭቆ ይነሣል፣ ስም ይነገራል፣ ብርጭቆ ይጋጫል፤ ከዚያ ወዲያ አንቺና አንቺ ነው እስከ መቃብር። ታናሽ ከጀመረ ድፍረት ነው። ታላቅ ካልጀመረ ደግሞ ታናሽ ምን ይሁን? መጠየቅ አይቻልም። «እባክዎ አንቺ ይበሉኝ» ብሎ የሚለምን ሰው እኔ አላየሁም፣ ባይም አፍርለታለሁ።

እኔን አትቁጠሩ። እኔ ለሁሉም አንቺ ነው የምለው፤ ራሷ ላይ አረፋ የተከመረባትን ሴት አንቱ ማለት ያስቀኛል። ኑዋላንም በሁለተኛው ቀጠሮዋ አንቺ አልኳት። ለዚህም ነው የእኔ አንቺ ዋጋ የሌለው። እሷ የምትፈልገው የሮትራውድን ነው።

ሮትራውድ ዛይትለር አብሮ አደጌ ናት። ቤቷ ከኑዋላ ቤት ጉልበት በምታህል አጥር ይለያል። ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማው ጽሕፈት ቤት በነዋሪዎች መዝገብ መስኮት ጀርባ ተቀምጣ፣ የተወለደውን ስትጽፍ የሞተውን ስትሰርዝ ኖራ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ጡረታ ወጣች። ከተማዋ በየወሩ በምታወጣት ጋዜጣ ላይ ሰባ ዓመት የሞላቸውን ሰዎች ስም የምታዘጋጀውም እሷ ነበረች፤ ከንቲባው የልደት ስጦታ ቅርጫት ይዞ የሚመጣው ያንን ዝርዝር አይቶ ነው። ሴቶቻችን ያቺን ጋዜጣ እንደ ጥርስ ሐኪም ይፈሯታል። ሮትራውድ ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ እንኳ ጸጉሯን ሳታበጥር አትወጣም። ስትናገር ቃል አታባክንም፣ ስትስቅ ደግሞ በአፍንጫዋ ነው።

ነገር ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ኑዋላ ሳትነሣ ከደጇ በረዶውን የሚጠርግላት ማን ነው? ሮትራውድ። ዲትማር ከስድስት ዓመት በፊት ልቡ ቀጥ ብሎ ሲሞት አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በዚያች ሰማያዊ ድስት ሾርባ ያመላለሰው ማን ነው? እሷው ናት። «ወይዘሮ ሄርዴገን፣ ትንሽ ይቅመሱ።» ቀብር ላይም ክንዷን ይዛ ቆማ ነበር። «ይደገፉኝ» አለቻት።

«ያን ቀን ‹ተደገፊኝ› ብትለኝ ኖሮ» ትላለች ኑዋላ፣ «ይህ አገሬ ነው ብዬ እቀመጥ ነበር።»

ኑዋላ ስልሳ ስድስት ነኝ ትላለች። ሮትራውድ ስልሳ ስምንቷ ነው። እንግዲህ ፈቃዱ ከማን እንደሚጠበቅ ማንም ያውቃል።

ፖርቱጋላዊቷ ኢኔሽ ትባላለች፤ ሠላሳ አንድ ዓመቷ፣ በከተማው መልሶ ማቋቋሚያ የታማሚ እግርና ክንድ የምታፍታታ፣ በኦክቶበር መጥታ ከሮትራውድ ቤት ወዲያ ያለችውን ትንሽ ቤት የተከራየች። ጥሩ ልጅ ናት። ቋንቋው ግን አልገባትም፤ «እርስዎ» የሚለውን ገና አልደረሰችበትም። ለሁሉም አንተና አንቺ ነው። ቄሱን «አንተ፣ ደህና አደርክ?» አለቻቸው። ከንቲባውን «ና እዚህ ቁም» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀላት፣ ሰው ሁሉ ወደዳት። ኑዋላ ናት ያልሳቀችው።

«እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳልሳሳት ኖርኩ» አለችኝ። «ምን አተረፍኩ? ያላወቀችው ተሸለመች!»

በባርባራ ቀን፣ ገና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀር፣ እኛ የቼሪ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጠን ሙቅ ቤት ውስጥ ውሃ ላይ እናቆማለን፤ ለገና ያብባል፣ ካበበ ዓመቱ መልካም ነው። በመንገዳችን ላይ የቼሪ ዛፍ ያላት ሮትራውድ ብቻ ናት። በየዓመቱ ከዚያ ዛፍ የምትቆርጠው ለራሷና ለኑዋላ ነበር፤ በአጥሩ ላይ ታቀብላታለች። ዘንድሮ ሦስት ቆረጠች። ያ «ግቢ ልጄ» የተባለውም ኢኔሽ የራሷን ልትወስድ ስትመጣ ነው።

«ተይ እስቲ፣ ላንቺም ሰጥታሽ የለ?» አልኳት።

«ሰጥታኛለች። የእሷ ግን በሰባት እንቡጥ ይበልጣል።»

«ቆጠርሽ?»

«በመስኮት ይታያል» አለችኝ፣ ፊቷን አዙራ።

ከገና በፊት ካሉት አራት እሑዶች ሁለተኛው፣ የእሳት አደጋ ፈቃደኞቹ አደባባዩ ላይ ድንኳን ተክለው ትኩስ የቅመም ወይን የሚቀዱበት ቀን ነበር። አራታችን አንድ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆምን፦ እኔ፣ ኑዋላ፣ ሮትራውድና ኢኔሽ። ኢኔሽ ወይኑ ሞቅ አድርጓት ሮትራውድን በክንዷ አቅፋ «አንቺ እኮ እናቴን ትመስያለሽ!» አለቻት። እኔ ሮትራውድን ማንም ሲያቅፋት ያየሁት በሠርጓ ቀን ነው፤ ያኔም ደስ አላላትም ነበር። አሁን ግን በአፍንጫዋ ሳቀች።

«እንግዲህ አንቺ እያልሽኝ ነው» አለቻት፣ ኩባያዋን አንሥታ። «በደንቡ እናድርገው። ሮትራውድ እባላለሁ።»

«ኢኔሽ!» አለች ልጅቷ፣ ምን እንደተሰጣት እንኳ ሳታውቅ፣ ኩባያዋን ጓ አድርጋ አጋጨች።

ኑዋላን አየኋት። ኩባያዋን ከጠረጴዛው አንድ ጣት ያህል አንሥታ ይዛዋለች። ምናልባት አሁን ወደ እኔ ትዞር ይሆናል ብላ ይመስለኛል። ሮትራውድ በእርግጥም ዞረች። የኑዋላን እጅ አየች፣ አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ዘጋችው።

«ወይዘሮ ሄርዴገን» አለች በመጨረሻ፣ «ወይንዎ እየቀዘቀዘ ነው።»

ኑዋላ ኩባያውን አስቀምጣ ሄደች። እኔ ብሆን በሮትራውድ ላይ እደፋው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቅናቷ ለከት አጣ። ወደ ቤተ መጻሕፍት ስትሄድ በኢኔሽ ደጅ በኩል እየዞረች ቅርንጫፉን ታያለች። «የእሷ ሊፈነዳ ነው፤ የኔ ገና ዱላ ነው» ትለኛለች። ሮትራውድና ልጅቷ ወጥ ቤት ውስጥ አብረው ብስኩት ሲጋግሩ መብራቱን አይታ ያን ቀን እራት አልበላችም። ኢኔሽ መዘምራኑ ውስጥ እንድትገባ ስንነጋገር «ድምፅዋ ቀጭን ነው» አለች። ቀጭን አይደለም። ልጅቷ እንደ ደወል ነው የምትዘምረው፤ ኑዋላም ታውቀዋለች፣ ስለምታውቀውም ነው የባሰባት። እንዲህ ያለች ሴት አልነበረችም። ቅናት ሰውን ከራሱ ያሳንሰዋል፣ እሷም እያነሰች እንደሆነ ታየዋለች፣ ልታቆመው ግን አልቻለችም።

በሦስተኛው እሑድ ሮትራውድ እንደ ልማዷ ዘጠኝ ዓይነት ብስኩት በሳህን ደርድራ ላከችላት፤ የጨረቃ ቅርጽ ያለው በቫኒላ ስኳር የተነከረው ከላይ፣ የቅመም ኬኩ ከሥር። ኑዋላ በየዓመቱ ያንን ሳህን በአገሯ ወግ በዘቢብ የታጨቁ ትንንሽ ኬኮች ሞልታ ትመልሳለች። ዘንድሮ ሳህኑን አጠበችው፣ አደረቀችው፣ ባዶውን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች።

እኛ ዘንድ ባዶ ሳህን መመለስ ደጅ ላይ ከመትፋት አይሻልም።

«ምን ነካሽ?» አልኳት።

«ኤርና፣ እሄዳለሁ» አለችኝ። «እህቴ ብሪድ ጎልዌይ ውስጥ ሰፊ ቤት ነው ያላት። ቤት የሚያሻሽጥ ሰው አነጋግሬያለሁ፣ በጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት መጥቶ ያየዋል። እዚህ የኔ የሆነ መቃብር ብቻ ነው። አንድ ቃል ከለከለችኝ፤ ሌላ የምጠብቀው የለኝም።»

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ልላት ፈልጌ ነበር። ግን ጎረቤቲቱን ሳስብ ተውኩት።

በማግስቱ ሮትራውድ ጸጉሯን ልትስተካከል መጣች። ፎጣውን አንገቷ ላይ አስሬ መቀሱን አነሣሁ። ከዚያ «ሳህኑ ባዶ መጣ» አለችኝ።

«አይቻለሁ።»

«ምን በድያት ነው?»

ይኼኔ ቱግ አልኩ። «ምን በድያት? ሮትራውድ፣ አንቺ እንጨት ነሽ! ለትናንት መጪዋ አንቺ ብለሽ ይቺን ኩባያዋን እንዳነሣች ተውሻት። ሴትየዋ በቅናት አረረች። ቤቷን ልትሸጥ ነው! አንቺ በያትና ተገላገይ!»

«ልትሸጥ?» ፊቷ በመስተዋቱ ውስጥ ነጣ።

«ልትሸጥ! አንድ ቃል ነው፤ ምን ያስከፍልሻል?»

«እኔ እንዴት እጀምራለሁ?» አለች፣ ድምፅዋ ከወትሮው ቀጥኖ። «ታላቅ ነው የሚጀምረው። አሥራ ዘጠኝ የገና በዓል ብርጭቆዬን ይዤ አጠገቧ ቆሜአለሁ። አላነሣችም። ካልፈለገችኝ ልለምናት ነው?»

መቀሱ እጄ ላይ ቆመ።

«ታላቋ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

ሮትራውድ በመስተዋቱ አየችኝ። መጀመሪያ ጆሮዋ ቀላ፣ ቀጥሎ አንገቷ። አብሮ አደጌ ናት፤ እንዲህ ስትቀላ ያየኋት ሁለተኛ ክፍል ሳለን ደብተር ስትሰርቅ ተይዛ ብቻ ነው።

«እኔ ምንም አላልኩም» አለች።

«ሮትራውድ!»

«ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ መስኮት ያለፈ ወረቀት ሁሉ እዚያው ነው የቀረው። ቃል ገብቼበታለሁ። አንቺም ምንም አልሰማሽም። ቁረጪ።»

ቆረጥኩ። ሳላስበው ከሚገባው በላይ ቆረጥኩ፣ እሷም አልተናገረችኝ። ሁለቱ ሴቶች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ግራና ቀኝ ቆመው እያንዳንዳቸው «ታላቋ ትጀምር» እያሉ፣ እያንዳንዳቸው «አልፈለገችኝም» እያሉ ኖረዋል። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ እኔም ትንሽ ቀናሁ። ለከተማው ሁሉ አንቺ ብዬ አድላለሁ፤ የእኔን አንቺ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ ሰው ግን የለም።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ በሁለቱም ባለሙያ ነኝ። ሮትራውድ አልነገረችኝም፤ ጆሮዬ እዚያ ነበረ፣ ያ ብቻ ነው። ስለዚህ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው ኑዋላ ቀለሟን ልትቀባ ስትመጣ፣ ቀለሙን ከሥር እስከ ጫፍ እስክቀባው ታገሥኩ። የተቀባች ሴት ሠላሳ አምስት ደቂቃ የትም አትሄድም።

«ኑዋላ፣ መቼ ነው የተወለድሽው?»

«ታውቂው የለ! ስልሳ ስድስት…»

«ስንት እንደምትዪ አልጠየቅኩሽም። መቼ ተወለድሽ ነው ያልኩሽ።»

ከሥር የሚበቅለውን ነጭ በየአምስት ሳምንቱ የምሸፍነው እኔ ነኝ፤ ከእኔ ጋር ብዙ መከራከር አይቻልም።

«የዲትማር እናት ናት» አለች በስተመጨረሻ። «ልጄ በአራት ዓመት የምትበልጠውን አያገባም ብላ ነበር። እኩያ ናት አላት። እኔም እኩያ ሆንኩ። እሷ ስትሞት ‹አይ፣ ዋሽቼ ነበር› ማለት አፈርኩ፣ በዚያው ቀረ። ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ግን ልጠይቅሽ። መጀመሪያ ስትመጪ መኖሪያሽን ለማስመዝገብ ፓስፖርትሽን ለማን ሰጠሽ?»

«ለ…» አለችና ቆመች። «ትረሳዋለች ብዬ ነበር እኮ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል!»

«ሮትራውድ? ሮትራውድ የሞተው ውሻዬ የተከተበበትን ቀን ታስታውሳለች።»

«ፓስፖርቱን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ማኅተሙን መታች» አለች ኑዋላ ቀስ ብላ። «‹እንኳን ደህና መጡ› አለችኝ። እዚህ አገር እንዲህ ያለችኝ የመጀመሪያዋ ሰው ናት።» ከዚያ በድንገት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «የስልሳኛ ዓመቴን ኬክ! ኤርና፣ ኬኩን የጋገረችው እሷ ናት! በላዩ ላይ ስልሳ ብላ በክሬም ጻፈች፣ ‹ስልሳ አይመስሉም› አለችኝ፣ ፊቷ ላይ አንዲት መስመር አልተነቃነቀችም!»

«ስልሳ አራት ነበርሽ?»

«ስልሳ አራት።» ሳቋ መጣ፣ ግን አልቆየም። «በማርች ሰባ ሞላኝ። ጋዜጣዋን እየተንቀጠቀጥኩ ነው የገለጥኳት፤ አለቀልኝ፣ ከንቲባው ቅርጫቱን ይዞ ሊመጣ ነው ብዬ። ስሜ የለም። ደስ አለኝ። ማታ ደግሞ አለቀስኩ። የውጪ ሰው ስለሆንኩ ረሱኝ፣ ሰባ ቢሞላኝም ባይሞላኝም ጉዳያቸው አይደለሁም ብዬ…»

ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። የአሁኗ የመዝገብ ሠራተኛ ሥራውን ከማን እንደተማረች፣ ሮትራውድም ጡረታ ወጥታ ሳለ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ለምን ጎራ እንዳለች ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር ነበር።

«እንግዲህ እኔ ነኝ ማለት ነው» አለች።

«አንቺ ነሽ።»

«አንቺ ካልኳት ታላቅ ነኝ ማለቴ ነው። ማታውን ከተማው ሁሉ ይሰማል።»

«ቀትር ላይ» አልኳት። «እኔን ረሳሽኝ?»

«ሰባ ዓመት።»

«ሰባ።»

«ያቺ ልጅ ግን በነጻ አገኘችው!» አለች፣ ቅናቱ እንደገና ፊቷ ላይ ብልጭ ብሎ። «እኔ ጸጉሬን ከፍዬ ልግዛው?»

ተነሣች። ገና አሥራ ሁለት ደቂቃዋ ነበር። ራሷ ገንዳው ላይ አጎንብሳ ቀለሙን በቀዝቃዛ ውሃ አጠበችው፣ ፎጣዬን ራሷ ላይ ጠመጠመች፣ ካፖርቷን ለበሰች። «ግማሽ ሆኖ ይቀራል! ዥንጉርጉር ትሆኛለሽ!» ብዬ ጮኽኩ። በሩ ተዘጋ። ፎጣውንም ወሰደችው።

በገና ዋዜማ ቀን ጠዋት የሮትራውድ ወጥ ቤት ነበርኩ። ሱቄ ዝግ ነው፤ ለእሷ ግን በየዓመቱ ዋዜማ ቤቷ ሄጄ ቢጎዲ አደርግላታለሁ። ለማታው የድንች ሰላጣዋ በትልቁ ጎድጓዳ ሳህን ተዘጋጅቷል፣ ቋሊማው ገና አልተጠበሰም። ቅርንጫፏ መስኮቱ ላይ ቆሟል፤ ሁለት አበባ አውጥቷል። አሥራ አንድ ቢጎዲ ጠቅልዬ አሥራ ሁለተኛውን ይዤ ሳለ ደወሉ ተደወለ።

ሮትራውድ በመጋረጃው ሥር አጮለቀች፣ ደነገጠችም። «እሷ ናት። ሂጂ ክፈቺ።»

«እጄ ቅባት ነው። ራስሽ ክፈቺ።»

«እንዲህ ሆኜ?»

«እንዲህ ሆነሽ።»

ቆሻሻ ለመጣል የምትበጠረው ሴት በአሥራ አንድ ቢጎዲ ሄዳ በሩን ከፈተች። እኔ ከኋላዋ ቆምኩ፤ አልዋሽም፣ በደንብ ለማየት ወንበሩን ገፋ አደረግኩት።

ኑዋላ ደጃፉ ላይ ነበረች፣ ያለ ባርኔጣ። ጫፉ ቡናማ፣ ሥሩ ነጭ፣ መሃሉ ቀለሙ የጠፋ፤ በሕይወቴ ከእጄ የወጣ እንዲህ ያለ ራስ የለም። በሁለት እጇ ሳህን ይዛለች፣ የዘቢብ ኬኮቹ እስከ አፉ ተከምረዋል።

«በማርች አሥራ አራት ሰባ ዓመት ሞላኝ» አለች። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። ሌሊቱን ስታጠናው ያደረች ይመስለኛል። «ስለዚህ ታላቅሽ ነኝ። ብርጭቆ አልያዝኩም። ኑዋላ እባላለሁ።»

ከወዲያኛው ቤት ደጅ ኢኔሽ ደረጃውን ስትጠርግ ቀና ብላ አየቻቸውና በደስታ እጇን አወዛወዘች።

«ምንድን ነው? በዓል ነው? እኔም ልምጣ?»

«አንቺ ቆዪ!» አለች ኑዋላ፣ ዞር ሳትል። «ተራዬ ነው።»

ሮትራውድ ሳህኑን ከእጇ ተቀበለቻት። ነጩን ጸጉር አየች፣ ከዚያ የራሷን ቢጎዲ በጣቷ ነካች፣ ከዚያ አፍንጫዋ ተንቀሳቀሰ። እስቃለሁ ስትል ግን ዓይኗ ሞላ። እኔ አብሮ አደጌን ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።

«ሮትራውድ» አለች፣ ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምትናገር ሰው። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ያ የመስኮት ድምፅዋም ተመለሰ። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ብርድ ነው» አለች። «ግቢ።»